የኛ ፈረቃ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ዶርም መብራት ጠፋ። ለኛ ግቢ አዲስ ነገር አይደለም። ስልኬ 11 ፐርሰንት ላይ ነበር። ከስድስታችን አንዷ ሻማ ፈልጋ አጣች። ሌላዋ "እንግዲህ እግዜር ተኚ ብሎኛል" ብላ ሃንዳውቷን ትራስ ስር ከተተችና ተሸፋፈነች። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ከተማው መብራት አለው ወይስ የኛ ብቻ ነው የጠፋው እያልኩ አያለሁ። የኛ ብቻ ከሆነ እናደዳለሁ። የሁሉም ከሆነ ይቀለኛል። ክፋት ይሁን ምን ይሁን እንጃ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ከአራቱም ፎቅ አንድ ላይ ጩኸት ተነሣ። "መጣአአአ!" እኔም ጮህኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በዚህ ሰኔ፣ እቴቴ እንደምትለው "እሱ ካለ"፣ እመረቃለሁ። የወጣው ድምፅ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። ራሴን ታዘብኩት።

ያደግኩት ደሴ ነው። ከጦሳ ተራራ ስር፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስከ በረንዳችን በሚወርድበት ሰፈር። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ነበር። አንድ ቀን የኛ፣ አንድ ቀን የማዶዎቹ። ማዶ ማለት ከአስፋልቱ ወዲያ ማለት ነው። ሃያ እርምጃ አይሞላም። መስመራቸው ሌላ ስለሆነ ግን የነሱ አምፖል ሲበራ የኛ ይጠፋል። ትልልቆቹ "ግድቦቹ ውሃ አጠራቸው" ይላሉ። እኛ ልጆቹ ደግሞ ማዶዎቹ መብራታችንን ወስደው ሲጠግቡ የሚመልሱልን ይመስለን ነበር።

የኛ ቀን ሲሆን ቤቱ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይነቃል። እማ ምጣዱን ትሰካለች። ዘግይታ ከተነሣች አለቀላት። ሰፈሩ ሁሉ ስለሚጋግር ኃይሉ ይደክማል፣ አምፖሉ እንደ ብርቱካን ይቀላል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። እኔና ወንድሜ በሊጡ ሽታ እንነቃለን። የመጀመሪያዋን ትኩስ እንጀራ በበርበሬ ጠቅልላ ለሁለት ትገምስልናለች። ትልቁን ግማሽ ማን ወሰደ የሚለው ጠብ እስከ ቁርስ ሰዓት ይዘልቃል።

በማግስቱ ጨለማ ነው። እቴቴ ከሰል ታቀጣጥላለች፣ ቡና ይፈላል፣ ኩራዙ ጣሪያውን ያጠለሸዋል። እኛ ውጪ ድብብቆሽ እንጫወታለን። ድብብቆሽ ለጨለማ የተፈጠረ ጨዋታ ነው። በጠራራ ፀሐይ ሲጫወቱት ሳይ እስከ ዛሬ ያሳዝኑኛል።

ችግሩ የቴሌቪዥን ድራማ ነበር። ድራማው የሚታይበት ቀን የማዶዎቹ ፈረቃ ከሆነ ያልፈናል። ማዶ ጓደኛ ነበረችኝ። በማግስቱ ሙሉውን ትተርክልኛለች፣ እኔ በምላሹ ሱዚ ስንዘል አንድ ትርፍ ዙር እሰጣታለሁ። ላስቲኩ የኔ ነበር። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን የሰጠኝን ቁርጥራጭ ቀጣጥዬ የሠራሁት ነው። ስለዚህ ሕጉን የማወጣው እኔ ነኝ። ልጅቷ ስትተርክ ግን ታምር ነበር። አልቅሳ ታስለቅሰኛለች። አንድ ቀን ዋናው ሰውዬ በመኪና አደጋ ሞተ ብላ ነገረችኝ። ሁለት ቀን አዘንኩለት። በሚቀጥለው የኛ ፈረቃ ሆነና ቴሌቪዥኑን ከፈትን። ሰውዬው ቁጭ ብሎ ቁርስ ይበላል።

ስጠይቃት ምንም አልደነገጠችም። "አንዳንዱን ራሴ ነው የምጨምረው፣ የቴሌቪዥኑ ይደብራል" አለችኝ። እውነቷን ነው። የሷ ይሻል ነበር። ትርፍ ዙሯን አላስቀረሁባትም።

ያን ጊዜ ስተኛ እቴቴን "ነገ የማን ነው?" እላታለሁ። "የኛ" ትለኛለች። እውነትም በማግስቱ የኛ ይሆናል። ከዛ ወዲህ ስለ ነገ እንዲህ ያለ መልስ የሰጠኝ ሰው የለም።

ትምህርት ቤቱም በፈረቃ ነበር። ትልልቆቹ ጠዋት፣ ትንንሾቹ ከሰዓት። ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። እኔ ሁለተኛ ክፍል ስሆን እሱ አምስተኛ ነበር። ለሁለታችን ያለን ቦርሳ አንድ ነው። ሰማያዊ ነው። ዚፑ ስለተበላሸ እማ ሁለት የካፖርት ቁልፍ ተክላበታለች፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ቡናማ። ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል ሐጂ ሱቅ ፊት ለፊት እንገናኛለን። ደብተሮቹን አውጥቶ ብብቱ ስር ይሸጉጥና ቦርሳውን ይሰጠኛል። እኔ የኔን እከታለሁ። አጠገባችን ሐጂ ስኳር እየመዘኑ "እናንተ ልጆች፣ ይቺ ቦርሳ ከሁለታችሁ የበለጠ ተማረች" ይሉናል። በየቀኑ ይሉናል። በየቀኑ እንስቃለን።

ቦርሳው ውስጥ ሁሌም የሱ ነገር ይቀራል። የቆሎ ፍርፋሪ፣ የተሰበረ ቾክ፣ ብይ። ብዩ ነው ጉድ የሠራኝ። ደብተር ሳወጣ እየተንከባለለ ሄዶ መምህሩ እግር ስር ይቆማል። ሴት ልጅ ብይ ይዛ መጣች ተብሎ ክፍሉ ያሽካካል፣ እኔ እንበረከካለሁ። ቤት ስገባ እያለቀስኩ ስነግረው "ረስቼው ነው" ይላል። የጎን ኪሱ ውስጥ ያለው ቆሎ ግን ተረስቶ አልነበረም። አንድ እፍኝ፣ ሁልጊዜ አንድ እፍኝ ነው። "ይሄንንስ?" ስለው "እሱንም ረስቼው ነው" ይለኛል።

በዛው ሁለተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ መጋቢት 24 ቀን 2003፣ የዓባይ ግድብ መሠረት ተጣለ። ትምህርት ቤት "አንድ አንድ ብር ይዛችሁ ኑ" ተባልን። አንድ ብር ከወረቀት ወደ ሳንቲም ከተቀየረች ብዙም አልቆየች፣ ገና ታብለጨልጫለች። እማ ለሁለታችን ሁለት ሳንቲም ሰጠችን። የኔ ግድቡ ውስጥ ገብታለች። የሱን ሳንቡሳ በላባት። ለማንም አልተናገርኩም፣ ምክንያቱም ግማሹን ሳንቡሳ የበላሁት እኔ ነኝ።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት። ከሁለተኛ ክፍል ተነሥቼ ሦስተኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ በዛ መሀል። የዛን ዕለት ወንድሜ ከሳዑዲ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ሦስት ሴኮንድ ናት። "የኔን አንድ ብር ይቀንሱ።"

እሱ እንዴት እዛ ሄደ? የአሥረኛ ክፍል ውጤቱ ለመሰናዶ አልበቃም። ሁለት ዓመት ያገኘውን ሠራ። ድንጋይ ተሸከመ፣ የሰው ባጃጅ ነዳ። በ2010 ከሰፈሩ ልጆች ጋር በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል በባሕር ወጣ። ወሎ ውስጥ ይሄ ታሪክ የሌለበት ቤት ፈልጋችሁ ካገኛችሁ ንገሩኝ። መንገድ ላይ ያየውን አይነግረንም። እኛም አንጠይቀውም። አሁን ሪያድ አካባቢ እርሻ ላይ ነው፣ በግ ይጠብቃል። የኔን የግቢ ወጪ የሚልከው እሱ ነው።

በሄደ ዓመት ይመስለኛል፣ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ "አንቺ ጨርሺ፣ አንቺ ስትጨርሺ እኔ እገባለሁ።" ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። በጣቴ ቆጠርኩ። አራት ዓመት ሃይስኩል፣ ሦስት ዓመት ዲግሪ። 2017 ላይ ይገባል። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነበርኩ።

ሒሳቤ ውስጥ ኮሮና አልነበረም። በ2012 መጋቢት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሒሳቤ ውስጥ ጦርነትም አልነበረም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊሰጥ ቀናት ሲቀሩት፣ በ2014 ጥቅምት፣ ደሴ ተያዘች። ከቤት ስንወጣ እኔ ቦርሳ ሙሉ ደብተር ይዣለሁ፣ እማ ዱቄት። ደብረ ብርሃን ስንደርስ የሰው ቤት በረንዳ ላይ ሆኜ ባዮሎጂ ከፈትኩ። አንድ ገጽ አልገፋሁም። ደብተሮቹን እዛው ለእሳት ማቀጣጠያ ሰጠናቸው። ስለዛ ጊዜ ሌላ ቀን እጽፍ ይሆናል። ዛሬ አልችልም።

በኋላ በሁለተኛ ዙር ተፈተንን። አለፍኩ። ዲግሪውም እኛ ጋ ሲደርስ ሦስት ዓመት መሆኑ ቀርቶ አራት ሆኗል። ዲፓርትመንት ሲመደብ ስታቲስቲክስ ደረሰኝ። እኛ ግቢ "መረጥኩ" የሚል ሰው ትንሽ ነው፣ "ደረሰኝ" ነው የሚባለው። እንደ ዕቁብ። ስሙን ለቤተሰብ ማስረዳት አንድ ሴሚስተር ፈጀብኝ። አክስቴ በመጨረሻ "አሃ፣ ሕዝብ የሚቆጥሩት ናቸዋ!" አለች። ተገላገልኩ ብዬ "አዎ" አልኳት።

እሷ የምታስታውሰው የ1999ኙን ቆጠራ ነው። እኔ አራት ዓመቴ ነበር። ቆጣሪዋ ቡና ጠጥታ እንደሄደች፣ በራችን ላይ በቾክ ቁጥር እንደጻፈች እቴቴ ትነግረኛለች። ወንድሜ ቁጥሩን በምራቁ አጥፍቶ ተገርፏል። ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን ተባልን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። ስለዚህ በ2009 ሌላ መኖር ነበረበት። ተራዘመ። እንደገና ተራዘመ። ታብሌት ሁሉ ተገዝቶለት ነበር። ይኸው 2018 ገብቷል፣ እኔ ሕዝብ ቆጣሪ ሆኜ ልመረቅ ነው፣ የአገሪቱ የመጨረሻ ቆጠራ ግን እኔ በቾክ የተቆጠርኩበት ነው። ክፍል ውስጥ "ኢትዮጵያ ስንት ሰው አላት?" ሲባል የምንሰጠው መልስ ግምት ነው። መምህራችን ሳያፍር "ግምት" ይለዋል። ወድጄዋለሁ።

ይሄ ሴሚስተር ትንበያ እየተማርን ነው። ያለፈውን ዳታ ትወስዳለህ፣ የሚቀጥለውን ትገምታለህ። ግምትህ ግን አንዲት መስመር ብቻ አይደለችም፣ ከላይና ከታች ወሰን አላት። ነገን ስትተነብይ ወሰኑ ጠባብ ነው። የዛሬ ዓመትን ስትተነብይ እንደ መለከት አፍ እየተከፈተ ይሄዳል። አንድ ማታ ከአልጋ ጎረቤቴ ጋር ሆነን የራሳችንን ሣልነው። የሰኔዋ ነጥብ ጥሩ ናት፣ ወይ የመውጫ ፈተናውን 50 አምጥተን እናልፋለን ወይ እንወድቃለን። መስከረም ላይ ሲደርስ መስመሩ ከወረቀቱ ወጣ። "ወረቀት ጨምሪ" አለችኝ። ጨመርኩ። ጥር ላይ እሱም አልበቃንም። አልጋ ልብሱ ላይ ሣለችው።

ባለፈው ዓመት የተመረቀች የዲፓርትመንታችን ልጅ አለች፣ አዲስ አበባ ልብስ ቤት ትሠራለች። እንዴት ነው ስላት "ስታት ጠቅሞኛል፣ የትኛው ሳይዝ ቀድሞ እንደሚያልቅ አውቃለሁ" አለችኝ። ቀልዷን መሆኑ ግልጽ ነው። በኋላ ግን "ሲቪዬን ስንት ቦታ እንዳስገባሁ መቁጠር አቁሜያለሁ" አለች፣ ይሄ ቀልድ አልነበረም። እኔም የሥራ ማስታወቂያ የሚለጥፉ ሰባት የቴሌግራም ቻናሎች ውስጥ ገብቻለሁ። "የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት" የሚል ሳይ ልቤ ይመታል። ከፍቼ ሳነብ ከታች "መንጃ ፈቃድ ያለው" ይላል። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮቹን ኦንላይን ኮርስም ወስጄ የዳታ ሳይንሱን ሰርተፊኬት አግኝቻለሁ። ስልኬ ውስጥ ነው። ለእማ አሳየኋት። "ማህተሙ የታለ?" አለችኝ።

የሚያስፈራኝ ሥራ ማጣቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሥራ ያጣ ጓደኛ ሞልቶኛል፣ ለብቻዬ አልሆንም። የኔ ጣጣ ሐጂ ሱቅ ፊት ለፊት ቆሞ ቦርሳውን የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው። ስምንት ዓመት ሆነው። "አንቺ ስትጨርሺ" ያለው ነገር ለሱ ቀን ነው። መጨረስና ሥራ መያዝ አሁን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነዋል፣ በመሀላቸው ስንት ዓመት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ይሄን በስልክ እንዴት ይነገራል? አንድ ሁለቴ ሞክሬያለሁ። "እሱ እዳው ገብስ ነው" ይለኛል። እሱ እዛ ሆኖ የሚያየው የምረቃ ጋውን ለብሼ የምነሣውን ፎቶ ነው። ከዛ በላይ አያሰላም፣ ወይ ያሰላል፣ አይነግረኝም።

ለጥምቀት ደሴ ደርሼ ነበር። ሐጂ ሱቁን ለልጃቸው ለቀዋል፣ ከደጅ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ነው የለዩኝ። ማዶ የነበረችው ተራኪ ጓደኛዬ አግብታ ኮምቦልቻ ገብታለች አሉኝ። ድራማ መጻፍ የነበረባት ሰው። ቤት ስገባ ቦርሳውን ከጓዳው በር ጀርባ ሚስማር ላይ አገኘሁት። እቴቴ ዛላ በርበሬ ከታበታለች። ሰማያዊነቱ ወደ አመድ ሄዷል። ቡናማው ቁልፍ የለም፣ ጥቁሩ አለ። አፌን በነጠላ ሸፍኜ እጄን የጎን ኪሱ ውስጥ አስገባሁ። አስነጠሰኝ እንጂ ምንም አልነበረበትም። ፎቶ አንስቼ ላኩለት።

መልስ ሳይሰጠኝ ቆየ። በማግስቱ "ብዬን ፈልጊልኝ" የሚል መጣ።

ማክሰኞ ማታ ወደጀመርኩት ልመለስ። መብራቱ ሲመጣ እንደ ሁሉም ሰው ወደ ሶኬቱ ሮጥኩ። ሁለት ሶኬት ለስድስት ሰው ነው። ተራ አለን፣ በሩ ጀርባ ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በተራዬ ስሰካው የሱ መልእክት ገባ። ድምፅ ነው። ከኋላው በጎች ይሰማሉ፣ ነፋስም አለ። "የመውጫ ፈተናችሁ ሰኔ ስንት ነው? ለአሠሪዬ ቀድሜ መናገር ስላለብኝ ነው" ይላል።

"ገና አልተለጠፈም" ብዬ ጻፍኩለት።

ትንሽ ቆይቶ መለሰልኝ። "እሺ፣ አብሽሪ። ሲለጠፍ ንገሪኝ።"